ሳምቡሳ ከፍሪዘር እስከ መጥበሻ

አክስት፦ ሳምቡሳ እርሾ በሌለው፣ በስሱ በተዳመጠ የስንዴ ሊጥ ውስጥ የበሰለ ምስር ወይም ሥጋ ተደርጎ፣ በሦስት ማዕዘን ተጠቅልሎ በዘይት የሚጠበስ ምግብ ነው። ጠቅልሎ ሳይጠብሱ በፍሪዘር ማኖርና በሚፈለግበት ቀን አውጥቶ መጥበስ ይቻላል። በአግባቡ ከተያዘ ከዕለቱ ሳምቡሳ አይለይም። ካልተያዘ ግን ሊጡ ይቀደዳል፣ ዘይት ይጠጣል፣ ውስጡም ይላቁጣል።

ልጅ፦ እትዬ፣ ብዙ ሰው "ፍሪዘር የገባ ነገር ጣዕም የለውም" ይላል። ጥፋቱ የቅዝቃዜው ነው ማለት ነው?

አክስት፦ ጥፋቱ የውሃው ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ትልልቅና ሹል የበረዶ ቅንጣት ይሠራል፤ ቅንጣቱም የሽንኩርቱን፣ የጎመኑንና የሥጋውን ሕዋስ ይቀድዳል። በረዶው ሲቀልጥ በተቀደደው በኩል ውሃው ይፈስሳል፣ መሄጃውም ሊጡ ነው። ቶሎ ከቀዘቀዘ ቅንጣቱ ደቃቅ ስለሚሆን ጉዳቱ ያንሳል። ከማቡካት እስከ መጥበስ ያለው ሥራ በአንድ ጉዳይ ላይ የቆመ ነው፤ ውሃው የት እንዳለና ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ።

ልጅ፦ ቶሎ ማቀዝቀዝ የሚለው ነገር ከየት መጣ?

አክስት፦ በብርድ አገር የሚኖር ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። በሳይቤሪያና በኡራል የሚኖሩ ሰዎች ፔልሜኒ የሚሉትን፣ ጥሬ ሥጋ በሊጥ የተጠቀለለበትን ትናንሽ ምግብ በክረምት በብዛት ሠርተው ደጅ ያሰጡታል። ብርዱ ወዲያው በረዶ ያደርገዋል፤ ከዚያ በከረጢት ተደርጎ ለአደን ወይም ለመንገድ ስንቅ ይሆናል። ወደ ፋብሪካ የገባው ግን ክላረንስ በርድስአይ በሚባል አሜሪካዊ ነው። ይህ ሰው በ1910ዎቹ በካናዳ ላብራዶር ሲኖር የአገሬው ሰዎች ያጠመዱት ዓሣ በኃይለኛው ብርድ በቅጽበት በረዶ ሆኖ፣ ከወራት በኋላ ሲቀልጥ እንደ ትኩስ ሆኖ መቆየቱን አየ። በ1920ዎቹም ምግብን በፍጥነት የሚያቀዘቅዝ ማሽን ሠራ።

ልጅ፦ ቻይናዎቹስ? እነሱ ጂያኦዚ የሚሉት የተጠቀለለ ሊጥ አላቸው፤ አዲስ አበባ ባሉት የቻይና ምግብ ቤቶችም ይገኛል።

አክስት፦ የእነሱ ታሪክ ረጅም ነው። በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ ቱርፋን አጠገብ ባለው የአስታና መቃብር፣ በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የተሠራ ጂያኦዚ ደርቆ ቅርጹን እንደያዘ ተገኝቷል። በፍሪዘር አድርጎ መሸጥ ግን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ዠንግዡ በምትባለው ከተማ የሆስፒታል ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም የነበረው ቼን ዘሚን በ1990 ታንግዩዋን የሚባለውን የሩዝ ሊጥ ድብልብል አቀዝቅዞ የሚያቆይበትን መንገድ አገኘ፤ ቀጥሎም ሳንችዌን የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ዛሬ ለአዲስ ዓመት ቤተሰብ ሁሉ ተሰብስቦ የሚጠቀልለው ጂያኦዚ በየሱቁ ፍሪዘር ተደርድሮ ይሸጣል።

ልጅ፦ ሳምቡሳውም የዚሁ ዘመድ ይመስላል።

አክስት፦ ዘመድ ነው፤ የመጣበት መንገድ ግን ሌላ ነው። በፋርስና በዐረብ አገር የተጀመረው ሳምቡሳ በነጋዴና በተጓዥ እጅ ወደ ምሥራቅም ወደ ምዕራብም ሄዷል። ኢብን ባቱታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዴልሂ ቤተ መንግሥት ውስጥ በሥጋ፣ በለውዝ፣ በሽንኩርትና በቅመም የተሞላ ሳምቡሳ መቅረቡን ጽፏል። ወደ እኛ አገር በቀይ ባሕርና በምሥራቁ በኩል ገብቶ የረመዳን ማፍጠሪያ ሆነ። የምስሩ ደግሞ ለክርስቲያኑ ጾም ስለሚሆን፣ ሁሉም ሃይማኖት ያለበት ከተማ ሁሉ ከሻይ ጋር ይበላዋል። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከአካባቢው ብዙ ወጣት የሄደበት ደቡብ አፍሪካም ሳምቡሳ የታወቀ ነው፤ ከ1860 ጀምሮ ወደ ናታል የገቡት ሕንዶች አስለምደውት፣ ዛሬ በረዶ የያዘው በየሱፐርማርኬቱ ይሸጣል።

ልጅ፦ ለእኛ አካባቢ ግን ምግብ አኑሮ መብላት አዲስ ነገር አይደለም፣ እትዬ። ቆጮ አለ።

አክስት፦ አለ እንጂ! እንዲያውም ሐዲያና ከምባታ ይህን ጉዳይ ያለ መብራት ፈትተውታል። የተፋቀው እንሰት በኮባ ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ለወራት፣ ሲያስፈልግም ለዓመታት ይቆያል። እዚያ የሚጠብቀው ቅዝቃዜ ሳይሆን ራሱ የሚያወጣው ኮምጣጣነት ነው፤ አየር እንዳይገባ ተደርጎ በድንጋይ የሚጫነውም ለዚሁ ነው። ልዩነቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ቆጮ ይለወጣል፣ ይበስላል፣ እየቆየም ይሻላል። ፍሪዘር ውስጥ የገባ ነገር ግን አይሻሻልም። ሲገባ ጥሩ ከነበረ ጥሩ ሆኖ ይወጣል፤ ሲገባ ከተበላሸ፣ ቅዝቃዜው ተህዋሲያኑን ስለማይገድል እንደተበላሸ ይወጣል።

ልጅ፦ እንግዲያው ከሊጡ እንጀምር።

አክስት፦ ለ1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት ግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ፣ ትንሽ ጨውና ሁለት ሦስት ማንኪያ ዘይት ይበቃል። የሌሞና የአካባቢው ስንዴ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ዱቄቱ ግን በደንብ የተነፋ መሆን አለበት፣ ፉርሽካ ያለበት ሲዳመጥ ይቀደዳል። ውሃው በአንድ ጊዜ አይገለበጥም፤ ሊጡ ጠንከር ማለት አለበት። ለዳቦ የሚሆን ለስላሳ ሊጥ ለሳምቡሳ አይሆንም። አሥር ደቂቃ ያህል ታሽቶ፣ ተሸፍኖ፣ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። ያላረፈ ሊጥ በመዳመጫ ሲገፋ ተመልሶ ይሰበሰባል።

ልጅ፦ በጣም ስስ የሚሆነው እንዴት ነው? በመዳመጫ ብቻ ያን ያህል አይሳሳም።

አክስት፦ ለብቻው ስለማይዳመጥ ነው። ሊጡ በትንንሹ ተድቦልቡሎ እያንዳንዱ እንደ ትንሽ ቂጣ ይገፋል። አንዱ ላይ ዘይት ተቀብቶ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ሌላው በላዩ ይደረጋል፤ ሦስት አራት ከተደራረበ በኋላ አንድ ላይ ይዳመጣል። ከዚያ በጋለ ምጣድ ላይ በአንዱም በሌላውም በኩል ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ይነካካል። ማብሰል አይደለም፤ መልኩ ነጣ ብሎ ውሃው ተን እንዲል ነው። ከምጣዱ እንደወጣ ትኩሱን ይላጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይጣበቃልና። ለፍሪዘር የሚሠራ ሰው ይህን ምጣድ መንካት መዝለል የለበትም። ሊጡ ከውጭ ትንሽ ስለደረቀ ከሚሞላው የሚወጣውን እርጥበት ቶሎ አይስብም። የተላጠው እርጥብ ባልሆነ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጥና ለሁለት ይቆረጣል።

ልጅ፦ የምስሩን ነገርማ ሁሉም ያውቀዋል።

አክስት፦ ለዕለት የሚሆነውን ያውቀዋል። ለማኖር ሲሆን ድፍን ምስሩ ሳይፈርስ ይቀቀልና በወንፊት ላይ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ይቆያል። ሽንኩርቱ በደቃቁ ተከትፎ በትንሽ ዘይት፣ ውሃው እስኪመጥና መልኩ እስኪለወጥ ይበስላል። ነጭ ሽንኩርትና የሀደሮ ዝንጅብል ይገባል። የሀደሮ ዝንጅብል በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ከባድ ጉዳት ቢደርስበትም፣ መዓዛው የሚተካ አልሆነም። ምስሩ ተጨምሮ አንድ ላይ እሳት ላይ ይማሰላል። በቃ የሚባልበትን በዓይን ማየት ይቻላል፤ ማማሰያው በድስቱ መሐል ሲጎተት ድስቱ ታች ደረቅ መንገድ ይቀራል፣ ዳርና ዳሩም ውሃ አያመነጭም። ቃሪያው ጥሬውን መጨረሻ ላይ ይገባል። ከዚያ በትሪ ተሰጥቶ ሙሉ በሙሉ ይቀዘቅዛል። ሙቅ ምስር የተሞላበት ሊጥ ከውስጥ በእንፋሎት ይረጥባል፤ ብዙ ሳምቡሳ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፣ በችኮላ።

ልጅ፦ ጎመንና ጥቅል ጎመንስ? እነሱ ውሃ ብቻ ናቸው።

አክስት፦ ለዚህ ቻይናዎቹ ያስተማሩት ዘዴ አለ። ጥቅል ጎመን በደቃቁ ተከትፎ ጨው ይነሰነስበትና ሃያ ደቂቃ ያህል ይቆያል። ጨው ውሃውን ይስበዋል። ከዚያ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ተቋጥሮ ይጨመቃል፤ አንድ መካከለኛ ጥቅል ጎመን የሚያወጣውን ውሃ ያየ ሰው ይገረማል። የአበሻ ጎመን ተቀቅሎ እንዲሁ ይጨመቃል፤ ከአይብ ጋር የሚሞላ ከሆነም አይቡ አጓቱ የወጣለት ደረቅ መሆን አለበት። ድንች በፍሪዘር ጎበዝ አይደለም፤ ተፈጭቶ ከሌላ ነገር ጋር ካልተቀላቀለ ሲቀልጥ እንደ አሸዋ ይሻክራል።

ልጅ፦ ሥጋውስ በጥሬው ይሞላል? ፔልሜኒና ጂያኦዚ በጥሬ ነው የሚሞሉት።

አክስት፦ የእነሱ በውሃ ሙሉ በሙሉ ስለሚቀቀል ነው። ሳምቡሳ ግን ውጩ ቶሎ ይቀላል፤ በረዶ ይዞ ዘይት የገባ ጥሬ ሥጋ መሐሉ ሳይበስል ሊቀር ይችላል። የተፈጨ ሥጋ መሐሉ ድረስ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት። መብራት በሚሄድና በሚመጣበት ከተማም አስቀድሞ የበሰለ ሥጋ ይሻላል። የተፈጨው ሥጋ በሽንኩርትና በቅመም ተጠብሶ፣ ውሃው መጥጦ፣ የረጋ ጮማው ተነሥቶ ይሞላል።

ልጅ፦ አጠቃለሉን ብዙ ሰው ይፈራዋል።

አክስት፦ እጅ እስኪለምደው ነው። የግማሽ ክብ ሊጡ ቀጥ ያለው ጠርዝ ወደ ላይ ይደረጋል። አንደኛው ጫፍ ወደ መሐል ይታጠፋል፣ ጠርዙ በዱቄትና በውሃ ሙጫ ይቀባል፣ ሌላኛው ጫፍ በላዩ ይመጣል፤ ቀንድ የመሰለ ኪስ ይሆናል። የታችኛው ሹል ቀዳዳ እንደሌለው ብርሃን ላይ ተይዞ ይታያል፤ ዘይት የሚገባው በዚያች በኩል ነው። ሁለት ሦስተኛውን ያህል ይሞላል፣ በጣት ቀስ ተብሎ አየሩ ይወጣል፣ አፉ ተቀብቶ ይታሸጋል። የታፈነ አየር በዘይት ሙቀት ይነፋና ሊጡን ያፈነዳል። ሙጫው ወፈር ይበል፤ ቀጭን ሙጫ ሲበርድ ይሰነጠቃል።

ልጅ፦ አሁን ፍሪዘር።

አክስት፦ ተጠቅልሎ እንዳለቀ በፌስታል ታጭቆ መግባት የለበትም። እንዲያ ከሆነ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ድንጋይ ይሆናል፣ መሐሉ ያለውም ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ያ ትልቁ የበረዶ ቅንጣት ይመጣል። ዱቄት በተነሰነሰበት ትሪ ላይ ሳይነካካ ይደረደራል። ቡላ ያለበት ቤት ደረቁን ቡላ ቢነሰንስ ጥሩ ነው፣ ደቃቅ ስለሆነ ብዙ አይጣበቅም። ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ሲጠነክር፣ ሲጋጭ ድምፅ ሲያሰማ፣ በወፍራም ፌስታል ተደርጎ አየሩ ተጨምቆ ይታሰራል፤ የተሠራበት ቀን ይጻፍበታል። አየር ከቀረ በረዶው ቀጥታ ወደ አየር ይተናል፣ ሊጡ ላይም ነጭ ደረቅ ምልክት ያወጣል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚይዝ ፍሪዘር ሁለት ሦስት ወር ጣዕሙን ይጠብቃል። ከፍሪጅ ላይ ያለችው ትንሿ የበረዶ ክፍል ብዙ ጊዜ ያን ያህል አትቀዘቅዝም፤ እዚያ የተቀመጠ በአንድ ሁለት ሳምንት ይበላ።

ልጅ፦ መብራት ሲጠፋስ?

አክስት፦ በሩ አይከፈትም። ይህ ከሁሉ ይበልጣል። የሞላ ፍሪዘር ሳይከፈት 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ግማሹ ባዶ ከሆነ 24 ሰዓት። ስለዚህ ባዶው ቦታ በውሃ ላስቲክ ይሞላል፣ ላስቲኩ ግን እስከ አፉ አይሞላም፤ ያ 9 በመቶ ቦታ ይፈልጋል። ሰው ሳይኖር መብራት ጠፍቶ መጥቶ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። በብርጭቆ ያለ ውሃ በረዶ እንዲሆን ተደርጎ ሳንቲም በላዩ ይቀመጣል። ሳንቲሟ ከላይ ካለች ምንም አልሆነም። ታች ወርዳ በረዶ ውስጥ ከተገኘች ግን ውሃው ቀልጦ እንደገና በርዷል፤ ያ ሳምቡሳ አይበላም። ሳምቡሳው ገና በረዶ ካለበት መልሶ ማቀዝቀዝ ይቻላል፣ ሊጡ ቢጎዳም። ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ሲሞቅ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ግን፣ ሥጋም ይሁን ምስር፣ ይጣላል። ልብ ቢያዝንም ይጣላል።

ልጅ፦ ለመጥበስ ሲወጣ ትንሽ ይቅለጥ ብለው የሚያሳድሩ አሉ።

አክስት፦ አይቀልጥም! በላዩ ያለው አመዳይ ሲቀልጥ ሊጡ ይጠጣዋል፣ ይጣበቃል፣ ሲያነሡት ይተረተራል። ከፍሪዘር ቀጥታ ወደ ዘይት ነው። ከመግባቱ በፊት አመዳዩ በደረቅ ጨርቅ ይራገፋል፤ በረዶ በጋለ ዘይት ውስጥ ወዲያው እንፋሎት ሆኖ ከ1,000 እጥፍ በላይ ስለሚሰፋ ዘይቱን ወደ እጅና ወደ ፊት ይረጨዋል። ዘይቱም ከመጥበሻው ግማሽ አይለፍ። ሙቀቱ 170 ዲግሪ ገደማ ይሁን፤ ቴርሞሜትር በሌለበት ቁራጭ ሊጥ ተጥሎ ይታያል፣ ታች ወርዶ ወዲያው አረፋ እያወጣ ከተነሣ ደርሷል። ከጨሰ በጣም ግሏል። ለትኩስ ሳምቡሳ ከሚሆነው ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ እሳት የሚፈለገው ውጩ ሳይቀላ መሐሉ እንዲሞቅ ነው።

ልጅ፦ አንድ ላይ ስንት ይገባል?

አክስት፦ አራት አምስት። በረዶ የያዘ ሳምቡሳ ሲበዛ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ዘይት ደግሞ ወደ ሊጡ ይገባል። ትኩስ ዘይት ውስጥ ሲሆን ከሊጡ የሚወጣው እንፋሎት ዘይቱን ይገፋዋል፤ ያ የሚታየው አረፋ የሚወጣው ውሃ ነው። አረፋው ሲቀንስና መልኩ ወርቃማ ሲሆን፣ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ውስጥ፣ በቀዳዳ ጭልፋ ይወጣል። ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ከሚደራረብ ቀጥ ብሎ በወንፊት ላይ ቢቆም ዘይቱ ይንጠባጠባል፤ እንፋሎቱም ከሥር አይታፈንበትም።

ልጅ፦ ተቀቅሎ የሚበላው የጂያኦዚ ዓይነቱስ ሆሳዕና ላይ ይሠራል? በትምህርት ቤት የተማርነው ፊዚክስ እዚህ ይመጣል። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳቱ ቢጨመር ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም።

አክስት፦ ልክ ነሽ ልጄ፤ ባቄላና ሽንብራ እዚህ የሚያስቸግረውም በዚሁ ነው። ስለዚህ በእሽጉ ላይ የተጻፈው የማብሰያ ጊዜ ለባሕር ዳርቻ አገር ስለሆነ ጥቂት ደቂቃ ይጨመርበታል። በብዙ የሚፈላ ውሃ በረዶውን እንደያዘ ይገባል፣ ታች እንዳይጣበቅ በማማሰያ ጀርባ ቀስ ተብሎ ይገፋል። ውሃው ሲፈላ ግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ይጨመራል፤ ቻይናዎቹ ይህን ሦስት ጊዜ ይደጋግሙታል፣ ሊጡ ሳይበጣጠስ ውስጡ እንዲደርስ። መንሳፈፉ ብቻ ብስለት አይደለም፤ ጥሬ ሥጋ ያለበት አንዱ ተቆርጦ ይታያል። ሌላው መንገድ መጥበሻ ላይ ትንሽ ዘይት አድርጎ፣ ሥሩ ሲቀላ ውሃ ጨምሮ መክደን ነው። ውሃው ሲያልቅ ክዳኑ ይነሣል፣ ሥሩ እንደገና ኩርሽም እስኪል ይቆያል። ለቤት ይህኛው ይጣፍጣል፣ ዘይትም አያባክንም።

ልጅ፦ በምን ይበላል?

አክስት፦ ቻይናው በአኩሪ አተር መረቅና በኮምጣጤ፣ ሩሲያው በቅቤ ወይም በጎምዛዛ ክሬም ይበላል። እዚህ ዳጣ እያለ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም፤ ከሃላባ በርበሬ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል የተፈጨው ዳጣ ላይ ሎሚ ሲጨመቅ የጥብሱን ቅባት ይቆርጠዋል። ለጾም የምስሩ በሰናፍጭ ጥሩ ነው። የጎመንና የአይቡ ግን ምንም ባይቀባ ይሻላል፣ ሻይ ይበቃዋል። ለያሆዴ ወይም ለመሳላ በዓል እንግዳ ሲበዛ ማዕዱን አተካና የተባለው ባህላዊ ምግብና ቆጮው ይዘውታል፤ ሳምቡሳው ከዚያ በፊት ከቡና ጋር ይቀርባል፣ አስቀድሞ ስለተጠቀለለ ባለቤቲቱ ከእንግዳ ጋር ትቀመጣለች።

ልጅ፦ የተረፈውስ?

አክስት፦ የተጠበሰው ተመልሶ ፍሪዘር አይገባም። በፍሪጅ አድሮ በማግስቱ በደረቅ መጥበሻ ላይ፣ ያለ ዘይት፣ በትንሽ እሳት ይገላበጣል፤ በማይክሮዌቭ ከሞቀ ሊጡ እንደ ጎማ ይሆናል። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ በጨርቅ ተጠልሎ በተከደነ ዕቃ ይቀመጥና ሁለት ሦስት ጊዜ ያገለግላል። መልኩ ሲጠቁር፣ ሲወፍር ወይም ሳይግል መጨስ ሲጀምር ይደፋል።